ከጀርባ ያሉት ስድስት ቁልፎች

ውድ አለቃዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ስልክሽ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ናት። እሷን ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ ቀልዱንም ሐዘኑንም በአንድ ድምፅ ነው የምታነበው፣ ልክ እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ። ስለዚህ የቀለድኩ የመሰለሽ ቦታ ላይ ሳቂ። የማልቀልድበትን ቦታ ግን እኔም ለይቼ አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገው።

ግራ ገብቶኛል። እውነቱ ይኸው ነው። ሬዲዮ ሲበላሽ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ጆሮውን በጥፊ እለዋለሁ፣ ካልሆነ እከፍተዋለሁ። አንቺን ከየት በኩል እንደምከፍትሽ ግን አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ስደውል ታነሻለሽ፤ «ደህና ነኝ ጋሼ፣ ክፍል ልገባ ነው» ትያለሽ፤ ትዘጊዋለሽ። ኮሌጅሽ በጠዋትም፣ በምሳ ሰዓትም፣ እሁድ ከሰዓትም ክፍል ያስገባል ማለት ነው። እናትሽን «ምን ሆናለች?» ብላት «ተዋት» አለችኝ። «ለምን ልተዋት?» ብላት «አንተን ምን አገባህ፣ ብሎንህን አጥብቅ» አለችኝ። «ብሎን» የሚለውን ስም ያወጣችልኝ እሷ መሆኗን መቼም አትረሺም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የማውቀውን ለምን ይነግረኛል እንዳትይ። እኔ ያየሁትና አንቺ የዳሰስሽው አንድ እንዳልነበረ የገባኝ ገና ባለፈው ማክሰኞ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ሱቄ በር አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠሽ ለጓደኛሽ መልእክት ስትጽፊ አይሽ ነበር። ጣትሽን መስታወቱ ላይ ታንሸራትቻለሽ፣ ሴትዮዋ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያለች ትቆጥራለች፤ የፈለግሽው ፊደል ላይ ስትደርሺ ደግሞ ካዕቡን፣ ሣልሱን ፍለጋ እንደገና ትጀምሪያለሽ። «ደርሻለሁ» የምትለውን አንዲት ቃል ጽፈሽ እስክትጨርሺ ሻይሽ ቀዘቀዘ። «በአፍሽ ንገሪውና እሱ ይጻፍልሽ» ብልሽ ምን አልሽኝ? «ጋሼ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የሆዴን ጮክ ብዬ ልናገር? አንተ ሁሉንም ነገር ጮክ ብለህ ስለምትናገር ሰው ሁሉ እንዳንተ ይመስልሃል።» ያን ቀን ልክ ልኬን ነገርሽኝ።

ገበያ ላይ ያለውን የዓይነ ስውራን መጻፊያ ሄጄ ጠየቅኩ። ዋጋው ከስልክሽ ይበልጣል፤ ያ ሁሉ ተከፍሎም አማርኛ አያውቅም። ሻጩ «ጥራት ነው ጋሼ» አለኝ። «የማያናግረኝን ጥራት ምን ላድርገው?» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ያሉት አሮጌ ሪሞቶች ሰላም አጡ።

ብሬል ስድስት ነጥብ መሆኑን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ፤ ፊደሉ የሚፈልጋቸውን ነጥቦች አንድ ላይ መጫን ብቻ። ስለዚህ ስድስት ቁልፍ ይበቃል አልኩ። ከስልክ ከቨር ጀርባ ላይ ስድስት የሪሞት ቁልፎች ልገጥም፣ አንቺ ስልኩን በሁለት እጅሽ ግራና ቀኝ ይዘሽ ጣቶችሽን ወደ ኋላ አዙረሽ ልትጽፊ፤ ቆመሽም፣ ሰልፍ ላይም፣ አውቶቡስ ውስጥም፣ ማንም ሳይሰማሽ። ቁልፎቹን ከስልክ ጋር ለምታገናኝ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አማርኛውን ለማስተማር አራት ወር ፈጀብኝ። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው መጽሐፍ የሚያነበው ከመጨረሻው ገጽ ነው፤ መጀመሪያ ሥዕሉን ያያል። ሽቦዎቹን እንዳይምታቱብኝ በእናትሽ የጥፍር ቀለም ቀባኋቸው። ቀለሙ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላወቀችም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት።

ሲያልቅ በእናትሽ ሻርፕ ዓይኔን ሸፈንኩና ሞከርኩት። ስልኬን ከቨሩ ውስጥ ከትቼ፣ ጠረጴዛ ላይ ቁልፎቹን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጬ ስጫን፣ ሴትዮዋ «ብሎን» አለች። ስሜን ጠራችኝ! ብቻዬን ዘለልኩ። ዓይኔ መሸፈኑን ረስቼ ስዘል የመደርደሪያውን ጥግ በግንባሬ አገኘሁት፤ ጠባሳውን በጣትሽ አግኝተሽ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትዪኝ «ሽልማት ነው» ያልኩሽ እሱን ነው።

አሁን ያቺን ከሰዓት አስታውሺልኝ። እኔ እያስታወስኳት ነው፣ በየቀኑ። ከቨሩን እጅሽ ላይ አደረግኩልሽ። ስልኩን ከፍ አድርገሽ ግራና ቀኝ ያዝሽው፣ ጣቶችሽ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ተጫንሽ። ሴትዮዋ አንድ የማይረባ ነገር አለች። እንደገና ተጫንሽ፤ ሌላ የማይረባ ነገር።

«ጋሼ፣ አንተ እንዴት አድርገህ ነው የሞከርከው?» አልሽኝ።

«ጠረጴዛ ላይ አድርጌ! ዓይኔን ሸፍኜ! እንዳንቺው!»

«አሃ» አልሽ። ያቺ ብቻ። «አሃ።»

እኔ ያኔ እያለቀስኩ ነበር። አትሳቂ። እንባ ድምፅ የለውም ብዬ ነው ዝም ብዬ የለቀቅኩት፤ አፍንጫዬን ረስቼው። ለእናትሽ የሠራሁላት ራሱን የሚከፍት በር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ቆልፎባት ዋለ። የልብስ ማድረቂያዬ የአንድ ደንበኛዬን ሸሚዝ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ነገር ሁሉ ለሰው መሳቂያ ነበር፤ እኔም ቀድሜ ስስቅ ኖሬያለሁ። ይኼኛውን ግን እንዲሳቅበት አልፈለግኩም ነበር። አንቺ ደግሞ ለአፍታ አሰብሽ፤ ከዚያ ቀስ እያልሽ፣ ጣት በጣት፣ «ጋሼ ብሎን ጎበዝ ነው» ብለሽ ጻፍሽ። ሴትዮዋም በዚያ በፍርድ ቤት ድምፅዋ አነበበችው። እንደዚያ ዓይነት ፍርድ ተፈርዶልኝ አያውቅም።

ከዚያ ስምንት ወር ጻፍሽበት። አውቶቡስ ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ እየቆምሽ። በሦስተኛው ወር ጣቶችሽ እንደ ዝናብ ነበሩ። እኔም ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ያቺ የእህቴ ልጅ ናት፣ ያ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው» እላለሁ። ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሰው የአንቺን ታሪክ ሳይሰማ ሬዲዮውን አይወስድም ነበር።

በዚያው ሰሞን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ለትንንሾቹ ልጆች የፊደል ወረቀት እንድታዘጋጂ ረዳት አድርጎ ቀጠረሽ። በትምህርት ቤቱ የብረት የብሬል ማሽን ትጽፊያለሽ፣ ማታ ቤት ስትገቢ በእኔው። ከዚያ አንድ ቀን ፊትሽ ጠቁሮ መጣሽ። «ዛሬ ወረቀቶቼን መለሱብኝ» አልሽኝ። «‹ደ› ያልኩትን ሁሉ ‹ፈ› አድርጌዋለሁ። ልጆቹ ተሳስተው አነበቡት።» እኔስ ምን አልኩሽ? «አስተማሪዋ ፊደል ከጠፋባት ተማሪው ምን ይሁን! እንመልስሽ እንዴ አንደኛ ክፍል?» ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ራስሽን ያምሽ ጀመር፤ «ጭንቅላትሽ ውስጥ ብሎን ላልቶ ይሆናል፣ ዘር ነው» አልኩሽ። እሱንም ሳቅሽው። እንዴት እንደምትስቂ አሁን ሳስበው ይጨንቀኛል።

ትምህርት ቤት የተጠራሁበትን ቀን ማንሳት አልፈልግም ነበር፤ ግን ሳላነሳው ወዴትም አልሄድም። ርዕሰ መምህርቷ ከቨሩን ደጋግማ አገላብጣ አየችው። «ሠላሳ ይሠራልን። ለሠላሳዎቹም ልጆች በዚህ ዓመት እንስጥ» አለች። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ከዚያ ወደ አንቺ ዞረች። «አንቺ ስምንት ወር ተጠቅመሽበታል። ለልጆቹ እንስጥ?»

«አይሆንም» አልሽ።

«ምን አልሽ?»

«ለልጆቹ አይሰጥ።»

«ለምን? ችግር አለበት?»

እኔን ወደምትሰሚበት አቅጣጫ ፊትሽን መለስሽ፤ ከዚያ ዱላሽን አንስተሽ ወጣሽ። ከኋላሽ እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩብሽና ያን የተረገመ ተረት ተረትኩብሽ፤ ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ አልኩሽ። አንቺ «እሺ ጋሼ» ነው ያልሽኝ። በሳምንቱ ኮሌጅ ሄድሽ። ከቨሩን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት፣ በዚያው በእናትሽ ሻርፕ ተጠቅልሎ።

ሁለት ወር ምክንያት ስፈልግ ከረምኩ። ቁልፎቹ ድምፅ ያሰሙ ይሆን? ዘይት ቀባኋቸው። አስቀያሚ ነው ብላ አፍራበት ይሆን? ግን አታየው። የሪሞት ቁልፍ መሆኑን ሰምታ ተቀይማ ይሆን? ምቀኝነት ይሆን እስከ ማለት ደርሼ ነበር፤ የእኔ የብቻዬ ይሁን ብላ። ያን ያሰብኩ ቀን ራሴን በጥፊ ብመታ ደስ ባለኝ፤ ሬዲዮ አይደለሁምና አይሠራም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሆቴሉ ስልክ ኦፕሬተር ሬዲዮውን ይዞ መጣ። ታውቂዋለሽ፤ ያ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ፣ ሁሉንም ሰው በሳሉ የሚለየው።

«ብሎን፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው ሳልህ ያረጀው?»

«ደህና ነኝ፣ አባባ።»

«ደህና ሰው እንዲህ አይተነፍስም። ያቺ ነገረኛ ልጅ የት ሄደች?»

ጥያቄውን ከመመለስ ብዬ ከቨሩን ስልኬ ላይ አጥልቄ እጁ ላይ አደረግኩለት። «ይኼን ሠራሁላት። ጥላው ሄደች» አልኩት። ዳሰሰው። ደስ አለው። እንዳንቺው ከፍ አድርጎ ግራና ቀኝ ያዘው፣ ጣቶቹን ወደ ኋላ አዞረ፣ ጻፈ። ሴትዮዋ የማይረባ ነገር አለች። ሌላ ጻፈ። ሌላ የማይረባ ነገር። ከዚያ ይስቅ ጀመር። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ይኼን የሠራው የሚያይ ሰው ነው!»

«ራሴ ነኝ እኮ የሠራሁት፣ ነገርኩዎት። ምን ያስቅዎታል?»

«ፊት ለፊት አይተኸዋላ! ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ከላይ አይተህ ነው የገጠምከው። እኛ እኮ ከጀርባው ነን፣ ልጄ። ስታዞረው ግራህ ቀኝ ሆነብኝ። ‹ደ› ብዬ ተጫንኩ፣ ‹ፈ› አለችኝ። አልሸሹም ዞር አሉ!»

ከእጁ ቀማሁት ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ትክክል። አነሳሁት፣ አዞርኩት፤ ግራው ቀኝ። አስቀመጥኩት። አነሳሁት። ዓይኔን ሸፍኜ ሞክሬዋለሁ እኮ! ዓይኔን ስሸፍን እጄን መሸፈን ረሳሁ። እጄ የሚያይ ሰው እጅ ነበር።

«ግን እሷ ስምንት ወር ጽፋበታለች» አልኩት። «እንደ ዝናብ። አንድም ስሕተት የለባትም።»

ሽማግሌው ሳቁን አቆመ።

«ስምንት ወር?»

«ስምንት ወር።»

«በትምህርት ቤት ማሽንም ትጽፋለች?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ያቺ ልጅ ቀን በቀኝ፣ ማታ በግራ ስትጽፍ ነበር የከረመችው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ሳስበው ራሴን ያመኛል። ይኼ ብልሃት አይምሰልህ፣ ብሎን። ይሉኝታ ነው።»

ሬዲዮውን ሳይወስድ ሄደ። እኔም አግዳሚሽ ላይ ተቀመጥኩ። ያ «አሃ» ጆሮዬ ላይ መጣ። ‹ደ› እና ‹ፈ›ም መጡ። ራስ ምታትሽም መጣ። ሁሉም ተሰልፈው መጡ፤ እያንዳንዳቸውም ላይ ቀልጄ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህርቷ ዘንድ ሄድኩ። ስሕተቱን ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። «ደረሱበት?» አለችኝ። ለካ አንቺ ከመሄድሽ በፊት መጥተሽ ነግረሻታል። «ሠላሳውን አይሰርዙበት፤ ያቆዩለት። ግን ማንም እንዳይነግረው» ብለሻታል። «ለምን?» ብትልሽ መልስ አልሰጠሻትም። እኔም «ለምን?» አልኳት። «እሱን ከእሷ ጋር ጨርሱት» አለችኝ።

እና ይኸው ለምን? እዚህ ላይ ነው ሴትዮዋ እንደምንም ብላ ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግ የምወደው።

ለልጆቹ ስትዪ «አይሆንም» ማለትሽ ገብቶኛል። አንዲት ወረቀት ላይ ‹ደ›ን ‹ፈ› ሲሏት የሰማሻቸው ልጆች፣ ገና ጣታቸው ያልጠነከረ፣ በእኔ ከቨር አንድ ዓመት ቢማሩ ፊደላቸው ለዘላለም ይገለበጥ ነበር። ለእነሱ ተናገርሽ። ለራስሽ ግን ስምንት ወር በሆድ ይፍጀው አልሽ። ስድስት ሽቦ እኮ ነው፣ አለቃዬ! ነቅሎ መልሶ ለመበየድ አንድ ሻይ እስኪፈላ የሚበቃ ሥራ። «ጋሼ፣ ገለበጥከው» ብትዪኝ ምን ይሆን ነበር? አንዳንዴ ምንም አይሆንም ነበር እላለሁ፤ ሁለታችንም እንስቅና እበይደዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ አፍንጫዬን ሰምተሻል እላለሁ። አንዳንዴም፣ ይኼኛው ነው የሚያስፈራኝ፣ እኔ ሁሉን ነገር ስለምቀልድበት ቁም ነገር የምታስቀምጪበት ቦታ አጣሽ ይሆን እላለሁ። የትኛው ነው? ወይስ ሦስቱም? ወይስ እኔ የማላውቀው አራተኛ አለ? እኔ ከላይ እያየሁ ሌላውም ነገር ሁሉ ተገልብጦብኝ ይሆን?

ሽቦዎቹን አስተካክዬ በየድኩ። ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት መጣ። አሁን ትክክል ነው፤ ግን ጣቶችሽ የለመዱት የተገለበጠውን ነው። ትክክሉን ብልክልሽ ለአንቺ ስሕተት ሊሆን ነው። ስሕተቱን ብልክልሽ ደግሞ አውቄ መሳሳቴ ነው። ሁለት ቀን ከቨሩን ሳገላብጠው ቆየሁ። ሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ሬዲዮውን ሊወስድ መጣ። ነገሩን ስነግረው ሬዲዮውን ወደ እኔ ገፋው። «ከዚህ ላይ የሞገድ መቀየሪያውን ፍታው» አለኝ። «እኔ የማዳምጠው አንድ ጣቢያ ነው።» ፈታሁት። ከከቨሩ ጎን ገጠምኩት። አሁን ጠቅ ስታደርጊው ወደ ዓለም ይሄዳል፤ ጠቅ ስታደርጊው ወደ አንቺ ይመለሳል። በአንቺ በኩል አንዲት የብየዳ እርሳስ ጠብታ አለች፤ በጣትሽ ታገኚያታለሽ። የትኛውን መጠቀም እንዳለብሽ አልነግርሽም፤ ይኼን ያህል ስሳሳት ከርሜ እንደገና አዋቂ አልሆንም። ቅዳሜ እናትሽ ይዛልሽ ትመጣለች። በሻርፑ ጠቅልዬዋለሁ።

የሠላሳዎቹን ነገር ልጨርስ። የመጀመሪያውን ሠርቻለሁ፣ መቀየሪያ የሌለው፣ ቀጥ ያለ። ለልጅ እጅ የሚሆን፣ ጠበብ ያለ። እሱም ሻርፑ ውስጥ አለ። አንቺ ይዘሽው፣ ከጀርባው ሆነሽ፣ ሞክረሽ፣ «ይሁን» እስክትዪ ሁለተኛው አይሠራም። «አይሆንም» ካልሽም ጮክ ብለሽ በይው፤ ምክንያቱን ጨምረሽ። ማልቀስ ቢያምረኝ መጀመሪያ አፍንጫዬን እናፈጣለሁ፤ ቃል ነው።

እስካሁን ያለውን በመስታወቱ ላይ በዓይኔ እያየሁ ነው የጻፍኩት። የሚቀጥለውን ግን ስልኩን አንስቼ፣ ከጀርባው ሆኜ፣ መቀየሪያውን ወደ ጠብታዋ በኩል አድርጌ፣ ስምንት ወር አንቺ እንደጻፍሽው እጽፈዋለሁ። ሴትዮዋ ብትሳደብ አትስሚያት።

አለቃዬ ይቅርታ

ሦስት ቃል ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። «ለምን» የምትለውን ጣቴ ከለከለኝ። እነዚህ ሁለቱ ስንት ሰዓት እንደፈጁብኝ አልነግርሽም። አንቺም ስምንት ወር አልነገርሽኝም።

ክፍል የማትገቢበት ቀን ካለሽ ደውዪልኝ።

ጋሼ ብሎን